የጊችን ገጽ ልሰርዝ ስሄድ

መልእክቱ አጭር ነበር። ጥቅምት 2011 ዓ.ም ላይ አንዲት አንባቢ ላከችልኝ። ከአባቷና ከእኅቷ ጋር ስሜን ተራሮች ሄደው፣ ከሳንቃበር ካምፕ በእግር ተነሥተው፣ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረው፣ ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጥተው ጊች ደረሱ። ለተጓዦች በጻፍኩት መመሪያ መጽሐፌ ላይ «ጊች መንደር ስትደርሱ ጎራ በሉ፤ ከቤታቸው አስገብተው ቡና ያፈሉላችኋል» የሚል መስመር አለ። አባቷ ያንን ዳገት የጨረሱት ቡናውን እያሰቡ ነው። የመልእክቱ መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «መጽሐፍህ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሉም። ቤትም የለም። የት ሄዱ?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ለተቆጣ ሰው ይቅርታ ተብሎ ይመለሳል። እሷ ግን የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ መልሱንም አውቀው ነበር። የጊች ሰዎች በ2008 ዓ.ም ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ሰፍረዋል። ሁለተኛውን እትም ያሳተምኩት በ2010 ነው። በሁለቱ መካከል ድፍን ሁለት ዓመት አለ። ዜናውን ሰምቻለሁ፣ ለወዳጆቼ አውርቻለሁ፣ መጽሐፉን ግን ከዳር እስከ ዳር አርሜ ስጨርስ ያ መስመር እንደ ተቀመጠ ነበር።

እንዴት አለፈኝ? ለሳምንታት ያብሰለሰለኝ ይህ ነው።

ቁጥር የሚያስቸኩለው

እትም ሲታደስ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ቁጥር ላይ ነው። የመግቢያ ክፍያ፣ የስካውት (ተጓዥን የሚያጅበው የፓርኩ ጥበቃ) የቀን አበል፣ የበቅሎ ኪራይ፣ ስልክ። እነዚህን እያሳደድኩ ወራት ፈጅቻለሁ። ከጎንደር ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ስለሆነ የጉዞ ሰዓቱን ቀየርኩ፤ ርቀቱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ሌላ ሆኗል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ምክንያቱም የዋልያ መመናመን፣ የግጦሽና የእርሻ መስፋፋት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ ሲወጣ በደስታ አንድ ሙሉ አንቀጽ አድሼ ጻፍኩ። ያ አንቀጽና የቡናው መስመር አንድ ታሪክ መሆናቸውን ግን አላየሁም። ፓርኩ ከመዝገቡ እንዲወጣ ከረዱት ነገሮች አንዱ ግጦሹ መቀነሱ ነው፤ ግጦሹ ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የጊች መነሣት ነው። አንዱን ገጽ አርሜ ሌላውን ተውኩት።

የራስ ደጀን ነገርም አለ። በመጀመሪያው እትም፣ በ2005 ዓ.ም፣ ከፍታውን 4,620 ሜትር ብዬ ጽፌ ነበር። ትምህርት ቤት የተማርነው ያንን ነው። በኋላ የመጡ ልኬቶች ወደ 4,550 አወረዱት፤ 4,533 የሚሉም አሉ። ለሚወጣ ሰው ሰባ ሜትር ትርጉም የለውም፤ ትንፋሹ የሚያጥረው እኩል ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ ሥር «ከአፍሪካ አራተኛው ከፍተኛ ተራራ» የሚል ነበረኝ። ኪሊማንጃሮ 5,895፣ የኬንያ ተራራ 5,199፣ የሩዌንዞሪው ስታንሊ 5,109 ሜትር ተብለው ሲደረደሩ፣ የሩዌንዞሪ ጫፎችም እንደ አንድ ተራራ ሲቆጠሩ፣ ራስ ደጀን በ4,620 አራተኛ ይሆናል። 4,550 ካልነው ግን የታንዛኒያው ሜሩ በ4,566 ይቀድመዋል። አንድ ቁጥር ሳርም አጠገቡ ያለው ዓረፍተ ነገር አብሮ ወደቀ። ይህን በጊዜው በማግኘቴ ኮርቼ ነበር። ስሙንም እንዲሁ፤ ብዙው ሰው «ዳሽን» ብሎ ስለለመደው ሁለቱንም አስቀምጬ «ደጀን»ን አስቀደምኩ።

እንግዲህ ለሰባ ሜትር እንዲህ የተጠነቀቅሁ ሰው አንድ ሙሉ መንደር አመለጠኝ። ያመለጠኝ መስመሩ ስለሚያምር ይመስለኛል። ወድጄው ነበር። ስጽፈው የቡናው ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ጀርባዬን ምድጃው እያሞቀኝ ነበር። አንድ ጸሐፊ የወደደውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ እያረመ አይደለም፤ እያስታወሰ ነው። «ያፈሉላችኋል» የሚለው ግሥ እንደ ክፍያ ወይም እንደ ስልክ ቁጥር ጊዜው የሚያልፍበት ነገር አልመሰለኝም። ስሕተት እንደ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ በራሴ ገጽ ላይ ሲያደርገው ግን አላየሁትም።

ኅዳር

ለአንባቢዋ ይቅርታ ጠይቄ፣ የሆነውን ነግሬ መለስኩላት። ከዚያ ኅዳር ላይ ደባርቅ ወረድኩ። ዓላማዬ ግልጽ ነበር፦ መንገዱን እንደገና በእግሬ ሄጄ፣ የጊችን ገጽ አውጥቼ፣ በቦታው ስለ ካምፑና ስለ ውኃው ሦስት ንጹሕ መስመር ልተካ።

በቅሎ የያዙልኝ ሰው ስድሳን የተሻገሩ ናቸው። የጊች ተወላጅ መሆናቸውን ያወቅሁት ሳንቃበርን ካለፍን በኋላ ነው፤ እሳቸው አልነገሩኝም፤ ስካውቱ ነው በጎን የነገረኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ከኋላቸው እየሄድኩ አረማመዳቸውን አይ ነበር። ዳገቱ ላይ እኔ የማቆምበትን እሳቸው አያቆሙም። የሚያቆሙት እኔ ምንም የማላይበት ቦታ ላይ ነው፤ ትንሽ ቆመው፣ በቅሎዋን አንገቷን መታ አድርገው፣ ዝም ብለው ይቀጥላሉ።

መንደሩ የነበረበት ደረስን። እንደ ጠበቅሁት ባዶ አልነበረም። ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ጉልበት ደርሷል። በመካከሉ የድንጋይ መሠረቶች እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል፤ ከእነሱ ወዲያ የገብስ ማሳዎቹ እርከን ልክ እንደ ተሸበሸበ ጋቢ ቁልቁል ይወርዳል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና መጽሐፉን አውጥቼ ገጹን ገለጥኩ፤ እስክሪብቶዬን ያዝኩ።

«ምን ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይህችን ገጽ ላወጣት ነው። አሁን መንደር ስለሌለ ሰው እንዳይሳሳትባት።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። መንደሩን፣ ገብሱን፣ ቡናውን። ሲሰሙ የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ መሬቱን ነው። ስጨርስ «ቡናውን የጠጣኸው የማን ቤት ነው?» አሉ።

ስሙን አላውቅም። ያኔ አልጠየቅሁም። «በሩ ዝቅ ያለ፣ ከመስጊዱ ብዙ የማይርቅ» አልኩ። ተነሡ። ሣሩን በዱላቸው እየገፉ ሄደው አንድ የድንጋይ መስመር ላይ ቆሙ። «መስጊዱ ይኼ ነው» አሉ። ወደ ቀኝ ጥቂት እርምጃ ቆጠሩ። «እንግዲያስ ቤቱ ወይ ይኼ ነው፣ ወይ ያኛው።» ሁለቱም ሣር ናቸው። ከዚያ ዱላቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ እንዲህ አሉኝ፦

«አሁን አንተ ይህን ብታጠፋው፣ ወደፊት የሚመጣው ሰው ይህን ድንጋይ አይቶ የከብት በረት ነበር ይላል።»

መልስ አልነበረኝም። እስክሪብቶውን ከደንኩት።

ስላልጠየቅሁት ስም

ያን ሌሊት ካምፑ ላይ ብርዱ ድንኳኑን አጠንክሮት እንቅልፍ አልወሰደኝም። 3,600 ሜትር ላይ ኅዳር ሲነጋ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድር። ተጋድሜ የማስበው ግን ስለ መጽሐፉ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ «ማደስ» ማለት ያረጀውን አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ለክፍያና ለስልክ እውነት ነው፤ ያለፈው ዓመት ክፍያ ለማንም አይጠቅምም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ግን የሚያየው ክፍያ አይደለም። የሚያየው ጓሳ ውስጥ የተደረደረ ድንጋይና በዳገት ላይ ማንም የማያርሰው እርከን ነው። እዚያ ቆሞ መጽሐፉን ሲገልጥ ስለ ካምፕና ስለ ውኃ ሦስት ንጹሕ መስመር ብቻ ካገኘ፣ መጽሐፉ ዓይኑ ሥር ያለውን ነገር አልነገረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ሊደርስብኝ ነበር፤ አንድ የተሳሳተ ግሥ ላርም ብዬ የቦታውን ትርጉም ልጥል።

ሣሩም ራሱ ይህንኑ ይላል። ጓሳው በዚህ ቁመት የቆመው ትናንት ነው። ያለ መንደሩ ታሪክ የሚያየው ሰው ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስለዋል፤ ፓርኩ ምን እንዳገኘ፣ ለዚያ ደግሞ እነማን ምን እንደ ተው አያውቅም። እኔ ሣሩ መመለሱን እደግፋለሁ። ዋልያ ከእነዚህ ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የጓሳ ጉብታ ዋጋ አለው። ጠዋት ላይ ይህንኑ ለጋሼ ፈራ ተባ እያልኩ ብነግራቸው፣ ዙሪያቸውን አይተው «ሣሩ አምሮበታል፤ ወላሂ አምሮበታል» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ገብሱም ያምርበት ነበር» አሉ። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የተናገሩት። ገጹ ላይ መግባት ያለበት ይህ ድምፅ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ይዤ ሌላውን ብተው እዋሻለሁ።

በዚያው ጠዋት ሌላም ነገር ተማርኩ። መጽሐፌ «ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ዱካ ተከተሉ፤ ምንጭ ታገኛላችሁ» ይላል። ዱካውን ፈለግሁት፤ የለም። ጓሳና ጓሳ ብቻ ነው። «ዱካው የት ገባ?» ስል ጋሼ ተገረሙ። «ዱካ በእግር ነው የሚኖር» አሉ። ሴቶችና ልጆች እንስራና ጀሪካን ይዘው ጠዋት ማታ ይመላለሱበት ነበር። እነሱ ሲሄዱ ዱካውም አብሮ ሄደ። እኔ ያንን መስመር ስጽፍ እንደ ገደሉና እንደ ወንዙ ቋሚ ነገር የገለጽኩ መስሎኝ ነበር፤ በየቀኑ የሚያድሱት ሰዎች እንዳሉ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ «ዱካ» የሚል ቃል በመጽሐፉ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፦ ማን ነው የሚሄድበት? ለገበያ ነው? ለትምህርት ቤት? ለግጦሽ? መልሱን ካወቅሁ መንገዱ መቼ እንደሚጠፋም በግምት አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም የገበያ ቀን ሲዛወር፣ መጽሐፉ ውስጥ የትኛው ገጽ እንደ ተነካ አሁን ይገባኛል።

ጋሼ ዱካ ሳያዩ፣ በእግራቸው ብቻ እያስታወሱ ምንጩ ድረስ ወሰዱኝ። ውኃው አለ። ከሣሩ ሥር ቀስ ብሎ ይፈስሳል። የምንጩን ስም ጠየቅኋቸው። አሰቡ። «እኔ ከብት ጠባቂ ነበርኩ። ምንጭ የሴቶች ነው» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ «ምንጭ፤ ስሙ ይጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀን መጻፍ

ስመለስ የጊችን ገጽ እንደገና ጻፍኩት። አሁን እንዲህ ይጀምራል፦ «እስከ 2008 ዓ.ም ድረስ እዚህ ገብስ የሚያርሱ፣ ከብት የሚያረቡ፣ እንግዳ ቡና የሚያጠጡ ሰዎች መንደር ነበር። ዛሬ ደባርቅ ይኖራሉ። ጓሳው ውስጥ የምታዩአቸው የድንጋይ መስመሮች የቤቶቻቸውና የመስጊዳቸው መሠረት ናቸው። ምግብና ውኃችሁን ከሳንቃበር ይዛችሁ ውጡ።» ከሥሩ «ኅዳር 2011 ዓ.ም፣ በእግር፣ ከመንደሩ ተወላጅ ጋር» የሚል አለ።

ይህ የመጨረሻ መስመር አከራክሯል። መጽሐፉን ያየልኝ ሰው፣ በሕትመት ብዙ የሠራ ነው፣ «በየገጹ ቀን ከጻፍህበት ቶሎ ያረጅብሃል፤ ማን የሦስት ዓመት መረጃ ይገዛል?» አለኝ። ስጋቱን አልናቅሁትም። ሆኖም ቀን የሌለው መጽሐፍ አንድ መስመሩ ሲሳሳት ሁሉም መስመሩ ይጠረጠራል፤ አንባቢው የትኛው እንደ ተበላሸ መለየት አይችልም። ቀን ያለው ግን በየቁራጩ ነው የሚያረጀው። ስለ ገደሉና ስለ ወቅቱ የተጻፈው ሃያ ዓመት ይቆያል፤ ስለ መኪና የተጻፈው አንድ ክረምት። አንባቢው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ራሱ ይመዝናል። ደግሞም ያየሁትንና የሰማሁትን መለየት ግድ ሆነብኝ። «በእግር» የሚለውን ለመጻፍ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ስንት ገጽ «በስልክ» ወይም «ከሰው እንደ ተሰማ» የሚል ብቻ ሊሸከም እንደሚችል ስቆጥር ደነገጥኩ።

አንዳንዱን ጉዳይ ደግሞ መጽሐፉ ጭራሹን እንዳይናገረው ወሰንኩ። ደኅንነት አንዱ ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት፣ ተራሮቹ በየወሩ ሌላ ሆነዋል። ወረቀት ይህን ሊከተለው አይችልም፤ ሊከተለው ሲሞክር ደግሞ ሰው ያስጎዳል። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ ያለው የመጠየቂያ መንገድ ብቻ ነው፦ ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር፣ ከዚያ ደግሞ በዚያው ሳምንት የተመለሰ ባለ በቅሎ። ይህን ክፍተት መተው ከሁሉም ገጽ ይልቅ ከብዶኛል። መመሪያ የሚጽፍ ሰው መልስ መስጠት ለምዷል።

ገጹ ተጠናቅቆ ሳለ፣ መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ላይ፣ ፓርኩ ተቃጠለ። ጓሳውና የአስታ ዛፉ ለቀናት ነደደ። የአካባቢው ሰው ቅርንጫፍ ይዞ ወጣ፤ ከውጭ ሄሊኮፕተርና የእሳት ባለሙያዎች መጡ። ያን ጊዜ ነው ለጋሼ መጀመሪያ የደወልኩት። ስለ ገጹ ለመጠየቅ አልነበረም፤ ደኅና መሆናቸውን ለማወቅ ነው። ሊያጠፉ ከወጡት አንዱ እሳቸው ነበሩ። «ሣሩን ልናጠፋ» አይደለም ያሉኝ፤ «ቤቱን ልናድን» ነው ያሉት። የትኛውን ቤት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ እየተደዋወልን ነው። ተጓዥ በሌለባቸው ዓመታት በቅሎዋ ሌላ ሥራ ስትሠራ ከረመች፤ መጽሐፉም ሦስተኛ እትሙን እየጠበቀ ተቀመጠ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እጽፋለሁ። የትኛው እርከን የማን ማሳ ነበር፣ ውርጭ ቀድሞ የሚወርደው በየት በኩል ነው፣ ጉም ሲይዝ ገደሉን በምን ያውቁት ነበር። ጉሙን በድምፅ ነው፤ ገደሉ አጠገብ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፣ የጭላዳ ድምፅም ከእግር ሥር ይሰማል። ይህ ገብቷል፤ ከሥሩ ቀን አለው። ሲያወሩ ካስቸገራቸው «ቆይ» ይሉና ስልኩን ሳይዘጉ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይጮኻሉ፤ መልሱ ከወዲያ ሲመጣ ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ሁለት ሰው ይከራከራል።

ባለፈው ሳምንት የምንጩን ስም እንደገና አነሣሁባቸው። ስንት ዓመት ማስታወሻዬ ላይ «ይጠየቅ» እንዳለ ተቀምጧል። ዝም አሉ፤ የረሱት መሰለኝ።

«እኅቴን ልጠይቃት» አሉኝ። «ስትቀዳ የኖረችው እሷ ናት። ሐሙስ ደውል።»